ከመርዶ የተሸሸግንበት ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከጆሃንስበርግ ዳር ካለው ሰፈራችን፣ ከአይቮሪ ፓርክ፣ ወደ ከተማ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር የአንድ ጎረምሳ ስልክ ጮኸ። ጥሪው የድሮ ነው፤ ባለ ቁልፍ ትንንሾቹ ስልኮች ሲገዙ አብሯቸው ይመጣ የነበረው ቀጭን ዜማ። የዛሬ ልጆች ለቀልድ ይሁን ለፋሽን እንጃ፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ስልክ ይዘው የአሮጌውን ድምፅ ይጭኑበታል። ልጁ እየሳቀ አነሳና ከጓደኛው ጋር ማውራት ጀመረ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ሳላዘው ኪሴን መዳበስ ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አየችኝና "ኡራይት፣ ምኹሉ?" አለችኝ፤ ደህና ነህ ወይ አያቴ ማለቷ ነው። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም። ያ ዜማ በኮሮና ጊዜ የእኔ ስልክ ጥሪ ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ደግሞ ከወታደሩም፣ ከዘራፊውም፣ ከራሱ ከበሽታውም አስበልጬ የምፈራው የገዛ ስልኬን ጩኸት ነበር።

ያን ጊዜ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዝምታው ነው። ሱቃችን ያኔም እንዳሁኑ አስፋልቱ አልቆ ቀዩ አፈር የሚጀምርበት ማዕዘን ላይ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት ታክሲዎች አንድ ቀን ድምፃቸው ጠፋ። የውሻ ጩኸት ከብዙ መንገድ ማዶ ይሰማ ጀመር። አልፎ አልፎ የወታደር መኪና ሲያልፍ፣ ደጅ ቆሞ ያወራ የነበረው ሁሉ እየተሯሯጠ ወደየቤቱ ይገባል። ሱቅ ለመክፈት ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ፤ ከዚያ ወረቀቱ ለአገሬው ብቻ ነው ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ ለእናንተም ይሰጣል ተባለ። በየትኛው እንዳለቀ ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው ዋጋውን ነው። ዳቦ አስራ አራት ራንድ ነበር። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዝንጅብል ለበሽታው ፍቱን ነው ተብሎ፣ አውራ ጣት የምታህለው ቁራጭ ከዳቦው በላይ አወጣች። ከሱቃችን በስተግራ ከዛፍ ሥር የሚሰፋ አንድ የማላዊ ሰው ነበር፤ ሱሪ ማሳጠሩን ትቶ ማስክ መስፋት ገባ። ከሰርግ ልብስ በተረፈ ባለ አበባ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋው ስለነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ሸፍኖ ሰርግ የሚሄድ ይመስል ነበር። አንዱን በአስራ አምስት ራንድ ገዛሁት፤ ቀይና ቢጫ። ማርታ፣ ባለቤቴ፣ "ሙሽራው መጣ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

መጠጥ ተከለከለ፣ ሲጋራ ተከለከለ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ድሮም ሁለቱንም አልሸጥም፣ ስለዚህ አልከፋኝም። ይልቅ የአናናስና የደረቅ እርሾ ፈላጊ በዛብኝና ደስ አለኝ። "ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ዳቦ መጋገር ጀመረ፣ ተመስገን ነው" እያልኩ በካርቶን አስመጣሁ። ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ እኩያዬ የምትሆነውና ሰፈሩ ጎጎ፣ አያት፣ የሚላት ጎጎ ኖምሳ፣ አንድ ጠዋት በሱቁ መስኮት ብረት በኩል አየችኝና "ማይ ፍሬንድ፣ አንተ እኮ የሰፈሩ ትልቁ ጠማቂ ሆንክ" ብላ ሳቀችብኝ። ለካ አናናሱም እርሾውም ቤት ለቤት መጠጥ ሊጠመቅበት ነው። ማርታ ይህን እስከዛሬ ለቤተክርስቲያን እንግዳ ሁሉ ታወራብኛለች። በዚያው ሰሞን ከጎጎ ኖምሳ ግቢ አገሬው ሁሉ ሰልፍ ሠርቶ የሚጨፍርበት፣ መዝሙር የሚመስል አንድ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ተራርቀው ቆመው አብረው ይረግጣሉ፣ አብረው ይዞራሉ። ዘፈኑ ደስ ይላል፤ ዛሬ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ግን እዘጋዋለሁ።

ሳቁም ዘፈኑም ላይ ላዩን ነበር። ልቤ ያለው ከሆሳዕና ወዲያ ማዶ፣ ታላቅ ወንድሜ ላምቦሬ ባለበት መንደር ነው። መንደራችን የእንሰት አገር ነው። ከቤቱ ፊት ፈረስ የሚታሰርበት ሣር፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ወዲያ ስንዴና ባቄላው፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ ወንዙ። ሰው የሚለካው በእንሰቱ ነው። ልጅ ሊያጩ የሄዱ ሽማግሌዎች እንኳ ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ወደ ጓሮ ይሻገራል። እንሰት ደግሞ ለችኩል ሰው አይሆንም፤ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፣ ፍግ ይበላል፣ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። አባታችን ከመሞቱ በፊት መሬቱን ለሁለታችን ከፈለው፤ የላይኛውን ለላምቦሬ፣ የታችኛውን ለእኔ። እኔ ግን ያቺ መሬት ጠበበችኝ። ለሁለት የተከፈለች መሬት ለልጆቻችን ስትከፈል ምን ልትሆን ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ የሚሄድበት መንገድ እኔንም ጠራኝ።

የሄድኩ ቀን ላምቦሬ በፈረሱ አፈናጦ ሆሳዕና ድረስ አደረሰኝ። ያኔ መኪና ወደ መንደራችን አይገባም ነበር። በክረምት ጭቃው የፈረሱን ጉልበት ይውጣል፤ በበጋ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ዛሬ ባጃጅ እስከ ደጃፍ ይመጣል ይሉኛል፤ እኔ የማውቀው ግን ያንን የፈረስ መንገድ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ላምቦሬ የለበሰውን ቡኒ ኮት አውልቆ በመስኮት ሰጠኝ። "እዚያ ብርድ ነው አሉ" አለኝ። ከሞያሌ ወዲያ ያለውን መንገድ ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ የማላዊ ሐይቅ፣ ሞዛምቢክ። በጭነት መኪና ሸራ ሥር ትንፋሽ ሲያጥረኝ ፊቴን የምቀብረው በዚያ ኮት ውስጥ ነበር። የከብትና የጭስ ሽታ ነበረው። ጆሃንስበርግ እስክደርስ አላወለቅሁትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በታችኛው መሬት ጫፍ ላይ ቤት ሠራሁ። ሠራሁ ስል እኔ ላክሁ፣ ላምቦሬ ሠራ። የቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የብረት መስኮት፣ አረንጓዴ ቀለም። በመንደራችን እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ "የደቡብ አፍሪካ ቤት" ይሉታል። ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም ተቆልፈዋል። ባለቤቶቹ እዚህ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከበቆሎ ዱቄት ከረጢት ጎን ይተኛሉ፣ ቤታቸው እዚያ ባዶውን ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። ላምቦሬ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ጎጆው ይኖራል፤ ከብቶቹ በአንድ ወገን፣ ሰዎቹ በሌላው ወገን፣ የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። ሁለቱንም መሬት የሚያርሰው፣ ሁለቱንም እንሰት የሚንከባከበው እሱ ነው። "ጋሼ፣ ግባበት፣ ኑርበት፣ ቤት ሰው ካልኖረበት ይፈርሳል" ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። "ባለቤቱ ሳይገባበት እኔ አልገባበትም" ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁን ይጠርጋል፣ ቁልፉን ይሞክራል፣ መልሶ ይቆልፈዋል። አንድ ቀን እንኳ አልተኛበትም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ዘመድህ ከሞተ፣ እዚህ ያሉት የአገርህ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ጎህ ሲቀድ፣ አንተ ከቤት ሳትወጣ፣ ተሰብስበው ደጅህ ይቆማሉ። ዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ ተነግሮት አብሮ ይመጣል፤ ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው አጠገብህ መኖር አለበት። እስከዚያ ድረስ ወደ አገር ቤት ብትደውል የሞተው ሰው "ገበያ ሄዷል"። ብታስቸግር "ማሳ ነው"። ብትጨቀጭቅ "ስትመጣ ታገኘዋለህ"። ማንም ይህን ውሸት አይለውም፤ ርኅራኄ ነው። በኮሮና ጊዜ ግን መሰብሰብ ተከለከለ፣ ሽማግሌ ከሰፈር ሰፈር መሄድ አልቻለም። ሞት በየቀኑ ነበረ፣ ነጋሪ ግን ጠፋ። አንዳንዱ ለወራት ሳይነገረው ከረመ። አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ቸገረውና በስልክ ይናገር ጀመር፤ "ብቻህን ነህ? አጠገብህ ማን አለ?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ። ስለዚህ የስልክ ጩኸት ሁላችንንም ያንቀጠቅጠን ነበር። የማርታ ስልክ ተሰርቆ፣ በቤታችን የቀረው ያ የእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ነበር።

የዚህ አገር ብርድ በበረታበት ሰሞን ላምቦሬ ከስልክ ጠፋ። እንደወትሮው እሁድ ስደውል ሚስቱ እትዬ አበበች አነሳች።

"ጋሼስ?"

"ማሳ ነው። ደህና ነው።"

በሚቀጥለው እሁድም እሷው አነሳች።

"ጋሼስ?"

"ገበያ ወጥቷል።"

"በእሁድ?"

"ሰው ሊጠይቅ ማለቴ ነው። ይመጣል።"

"ሲመጣ ይደውልልኝ።"

"እሺ። ሂሳብ የለውም እንጂ ስልኩ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል ከእትዬ አበበች ጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ብዙ ሆኖ ዝቅ ያለ። ይህን ድምፅ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ለቅሶ ቤት ነው። "ማነው እዚያ ያለው?" አልኳት። "ጎረቤት ነው" ብላ ቶሎ ዘጋችው። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ማርታ ፊቴን አየችው። "ሌላ ሰው ጋ ደውል" አለችኝ። ማን ጋ ልደውል? ማንስ ይነግረኛል? መንደሩ በሙሉ አንድ መልስ ነው የሚመልስልኝ። ያን ቀን ሳልበላ ዋልኩ። ላምቦሬ ሞቷል ብዬ አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም፣ ነገር ግን ልቤ አውቆታል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ መደወል ተውኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ያዘኝ። ካልተነገረኝ አልሞተም። መርዶው እስካልደረሰኝ ድረስ ላምቦሬ ገበያ ነው፣ ማሳ ነው፣ በፈረሱ ላይ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ራሱ ይጮህ ጀመር። የአገር ቤት ቁጥር ነው። ማርታ ዳቦ እየደረደረች ነበር፤ ዘወር ብላ አየችኝ።

"አንሳው እንጂ!"

"አላነሳም።"

"እንግዲያው እኔ ላንሳው።"

"አንቺም አታነሺውም!"

በትዳር ዘመናችን እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ። አጠፋሁትና ከብስኩቱ ካርቶን ሥር ቀበርኩት። ማርታ ማልቀስ ጀመረች። እሷም ላምቦሬን ትወደው ነበር፤ እኔን ተከትላ ስትመጣ እሷንም በዚያው ፈረስ የሸኛት እሱ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን፣ ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን፣ ስሙን ሳንጠራ እንውላለን። ደንበኛ ሲመጣ "ሳውቦና" ብዬ ሰላም እላለሁ፣ ዳቦ አቀብላለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ። ማስኩ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ ማንም አያይም ነበር። ጎጎ ኖምሳ ብቻ በዓይኔ አወቀችኝ። "ማይ ፍሬንድ፣ ሳቅህ የት ሄደ?" ብላ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን መራራ ቅጠል ሰጠችኝ፣ አፍልተህ ታጠንበት አለችኝ። የታመምኩ መስሏት ነው። ነገሩን አላስረዳኋትም፤ እንዴት ብዬ ላስረዳት።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። የከሰል ጭስና ጉም ተደባልቆ መንገዱን የሸፈነበት ጠዋት ነው። ሱቁን ልከፍት በቆርቆሮው ስንጥቅ ወደ ውጭ ሳይ፣ በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ካፖርት ለብሰዋል፣ ማስክ አድርገዋል፣ እንደታዘዘው ተራርቀው ቆመዋል። የመካከለኛው አቶ ጴጥሮስ ናቸው፣ የእድራችን ሰብሳቢ፤ የከምባታ ሰው ናቸው፣ ሱቃቸው ከከተማው በሌላ ዳር፣ ኮዝሞ ሲቲ ነው። ከኮዝሞ ሲቲ እዚህ ድረስ፣ በዚያ ፍተሻ፣ በዚያ ብርድ፣ በጠዋት። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኛል? እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። ከዱቄት ከረጢቶቹ ጀርባ ተቀመጥኩና ማርታን በእጄ ጠቀስኳት። "የለም በያቸው" አልኳት። "ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሄዷል በያቸው።"

መስኮቱን ስትከፍት ሰማሁ።

"ታደሰ አለ?" አሉ አቶ ጴጥሮስ።

"የለም። ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሄዷል።"

"በዚህ ሰዓት? መንገዱ ተዘግቶ?"

"አዎ።"

"ደህና ነው ግን?"

"ደህና ነው" አለች። ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ተሰበረና ማልቀሷን መደበቅ አቃታት። አቶ ጴጥሮስ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉና የሦስቱም እርምጃ ራቀ። እኔ ከረጢቱን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ያጽናሽ ሲሉ ለላምቦሬ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ከሕይወቴ ቆርጬ ብጥላቸው ደስ ይለኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ስንጥቁን ሳላይ አልወጣም። ከኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ተዘረፈ የሚል ወሬ ሲመጣ እንኳ "እሰይ፣ አቶ ጴጥሮስ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። መሬቱንም አስብ ነበር፣ አልደብቅም። ላምቦሬ ከሌለ እንሰቱን ማን ያያል? ያ አረንጓዴ ቤት ለማን ቆሞ ይቀራል? ባለቤቱ ሳይገባበት እኔ አልገባበትም ያለው ሰው ከሞተ እኔ በምን እግሬ እገባበታለሁ? ድንበር ዝግ ነው፣ አውሮፕላን የለም፣ ቀብሩ ላይ ልደርስ ቀርቶ ሠልስቱ ላይ አልደርስም። 

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱን እስከ ዓይኑ የሸፈነ፣ የሱፍ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰውዬ መስኮቱ ላይ መጣና በጣቱ ዳቦ አሳየኝ። የአገሩ ሰው መሰለኝ። ዳቦውን በብረቱ መሐል ሳቀብለው የእጄን አንጓ አፈፍ አደረገኝ። ያን ጊዜ ሰው ሰውን አይነካም ነበር፤ ዘራፊ መስሎኝ ጮህኩ። ሰውዬው በሌላ እጁ ማስኩን አወረደ። አቶ ጴጥሮስ ናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"አለህ?" አሉኝ። "ታደሰ፣ አለህ?"

"ማን ነው የሞተው?" አልኳቸው። "ይንገሩኝ። ማርታ አጠገቤ አለች። እሰማለሁ።"

"አንተ ነሃ!"

"እኔ?"

"አገር ቤት አንተ ሞተሃል፣ ሰውዬ!" እጄን አልለቀቁኝም፣ ይበልጥ ጨመቁት። "ካትሌሆንግ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ የእናንተ አካባቢ ሰው በበሽታው አርፎ እዚሁ ተቀበረ። ወሬው ስም ሳይዝ መንደራችሁ ገባ። ከመንደሩ የሄደ አንድ ትልቅ ሰው ጆሃንስበርግ ሞተ ተባለ። ወንድምህ ደወለልህ፣ አታነሳም። ደገመ፣ ስልክህ ጠፋ። የሱ ሰዎች እኔን ፈልገው አገኙኝ፤ ወንድምህ ራሱ፣ ሄደህ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ፣ የሚሉህን አትንገረኝ አለኝ። መጣሁ። ሚስትህ እያለቀሰች ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል አለችኝ። እኔ ምን ልበል? መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም? ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል አሉኝ አልኩት። ምንም ሳይመልስልኝ ስልኩን ዘጋው። ዛሬ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። መቃብርህን ካላየሁ፣ አውቀውኝም እንዳይደብቁኝ ብዬ ነው እንዲህ ተሸፋፍኜ የመጣሁት።"

"ላምቦሬ አለ?" አልኳቸው። የሰማሁት ያንን ብቻ ነበር። "ወንድሜ በሕይወት አለ?"

"ታሞ ነበር፤ ሲያስለው ከርሞ ተነሳ። እንዳትጨነቅ ብለው ደበቁህ። የቤተክርስቲያን ሰው ሊጸልይለት ይሰበሰብ ነበር። አሁን ግን ያንተ ሐዘን ነው የጣለው።"

ማርታ ከኋላዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አቶ ጴጥሮስ በራሳቸው ስልክ ደውለው በብረቱ መሐል ሰጡኝ። ማርታ ተነስታ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። እትዬ አበበች አነሳች። "እኔ ነኝ፣ ታደሰ ነኝ" ስላት ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸት፣ ሩጫ፣ የበር መንኳኳት። ስልኩን የሆነ ሰው አነሳ። ይተነፍሳል ብቻ። ሳል ነበረው። በቋንቋችን፣ ልጅ ሆነን በምንጠራራበት አጠራር ስሜን ጠራኝ።

"አቤት ጋሼ" አልኩት።

"አጠገብህ ማን አለ?" አለኝ። ከልማድ ነው፤ መርዶ እንደሚናገር ሰው ነው የጠየቀኝ።

"ማርታ አለች። አቶ ጴጥሮስ አሉ።"

"እሺ። ቤትህን ከፈትኩት።"

"ምኑን?"

"ቤትህን። አስከሬን አይመጣም አሉኝ። አውሮፕላን የለም፣ እዚያው ቀብረውታል አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ? የምቀብረው የለኝ። ባዶውን ከሚቀር ብዬ ከፈትኩት። እየገባሁ እተኛበታለሁ።"

ያ ስንት ዓመት ለምኜው እምቢ ያለኝ ሰው፣ እኔ ሞቻለሁ ተብሎ ነው ቤቴ ገብቶ የተኛው። "እንዴት ነው ታዲያ፣ ይመቻል?" አልኩት።

"ይበርዳል" አለኝ። "ወለሉ ይበርዳል።"

ሳቅሁ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፤ ማርታም አቶ ጴጥሮስም አብረውኝ አለቀሱ። ከስልኩ ማዶ የእትዬ አበበች እልልታ ይሰማል። ጎጎ ኖምሳ ጩኸቱን ሰምታ ማስኳን በእጇ እንደያዘች ከግቢዋ እየሮጠች መጣች። ማን ሞተ አለች። ማንም አልኳት፤ ማንም አልሞተም። አቶ ጴጥሮስ የገዙትን ዳቦ ቆርሰው ለሁላችንም አደሉን፤ እዚያው ቆመን ደረቁን በላነው። ካትሌሆንግ የሞተውን ሰው ያሰብነው ከቆየን በኋላ ነው። የእሱን ቤት ማን እንደከፈተለት እንጃ።

እነሆ ያ ሁሉ አለፈ። የማላዊው ልብስ ሰፊ ወደ ሱሪው ተመልሷል። ዳቦ ሃያን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ድንበሩ ተከፈተ፣ አውሮፕላኑ በየቀኑ ይበራል፣ የሚሄድ ይሄዳል የሚመጣ ይመጣል። እኔ አልሄድኩም። በዚህ ዓመት ሱቁን ለማን ልተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቴ ይታደስ፣ በሚቀጥለው ጉልበቴ ይሻለኝ እያልኩ ዓመታቱ ተደራረቡ። ላምቦሬ ስልኩን ራሱ ያነሳል። ስለ እንሰቱ ይነግረኛል፣ ስለ ፈረሱ እርጅና ይነግረኛል፣ በየመንደሩ ስለተሠራው አዲስ ቤት ይነግረኛል። መቼ ትመጣለህ ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ከትናንት ወዲያ ስደውል እትዬ አበበች አነሳች። ላምቦሬ በእርግጥ ማሳ ነበር፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ወሬ በወሬ "ጋሼ መቼም ያን ቀዝቃዛ ቤት ተገላግሏል" አልኳት እየሳቅሁ። አልሳቀችም።

"አሁንም እዚያው ነው የሚተኛው" አለችኝ። "ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎጆው ውስጥ አንድ ቀን አላደረም። ሲመሽ ብርድ ልብሱን ይዞ ይሻገራል። ደረቱን እየበረደው ነው፣ ሳሉ አለቀቀውም።"

"ለምን? ደህና ነኝ እኮ! አልሞትኩም እኮ! አልጠየቅሽውም?"

"ጠይቄዋለሁ።"

"ምን አለሽ?"

 ያን በኮሮና ጊዜ የማውቀውን ለስላሳ ድምፅዋን አወጣች።

"ስትመጣ ራሱ ይነግርሃል" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ሰው እስኪመጣ ድረስ የሚቆየው ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ። ወንድሜ አይመለስም ብሎ እኔን አልቅሶ ጨርሷል ወይስ ስለ ራሱ የደበቀኝ ነገር አለ፣ አላውቅም፤ ሁለቱም ያስፈሩኛል። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ለማርታ ትቼ ትኬት ልቆርጥ ወጣሁ።